የሰማይ ውሃ

የቦንጋ ሾፌሮች ስለ እኔ «ጋሽ ሣህሌ እጁ መድኃኒት፣ አፉ መርዝ» ይላሉ። አልክድም። በዚህ ሙያ ሠላሳ አንድ ዓመት ስቆይ፣ መኪናውን አቃጥሎ ወይ ሰባብሮ የመጣን ሾፌር ሳልሰድብ መፍቻ አንስቼ አላውቅም። ሰው ካልተቆጡት አይማርም ባይ ነኝ። ኃይለሚካኤል ግን አንድ ሰኞ ጠዋት አምቡላንሷን ግቢዬ አስገብቶ፣ ሞተሯን አጥፍቶ ወረደና ፊት ለፊቴ ቆሞ «ዛሬ ይስደቡኝ፣ ጋሽ ሣህሌ» አለኝ። ያን ቀን ሳልሰድብ መፍቻዬን አነሳሁ።

ወሬውን ከእሱ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ክፉ ነገር ቶሎ ይዳረሳል። ባለፈው ሐሙስ ከሺሺንዳ ወዲያ ካለ መንደር ምጥ የጠናባትን ሴት ጭኖ ወደ ቦንጋ ሲመጣ፣ ዉሽዉሽ ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ቀይዋ መብራት በራችበት። ብልጭ ድርግም የምትል፣ እየደጋገመችም የምትጮህ መብራት ናት። እሷ ስትበራ ሞተሩ ወይ ውሃ አጥቷል ወይ ፈልቷል ማለት ነው። ኃይለሚካኤል ዳር ይዞ አቆመ። ዝናብ ይዘንባል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ስልክ አይሠራም። ሞተሩ እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ሆስፒታል ሲደርሱ እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

መኪናዋ አሮጌ ናት። በእናቶች ጉዳይ የሚሠራ አንድ ማኅበር ከጀርመን አገር በእርዳታ ያገኛት ናት፤ ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ ትበልጣለች። የሙቀት መርፌዋ ገና ስትመጣ የሞተ ነው። ስለ ውሃዋም ስለ ሙቀቷም የምትናገረው በዚያች መብራት ብቻ ነው።

«ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ» አለኝ ኃይለሚካኤል። «የውሃው ዕቃ ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑን ሳይ ይበልጥ ደነገጥኩ። ውሃ ሳይጎድል መብራቱ ከበራ እንግዲህ ፈልታለች ማለት ነው ብዬ።»

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ» አልኩት፣ ልማዴ ሆኖ። አልሳቀም። እኔም ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ። «ፈልታ ነበር ወይስ አልፈላችም? ፈልታ ከነበረ ማቆሜ ልክ ነው። ብነዳ ሞተሩ ተቃጥሎ ሁላችንም እዚያው እንቀር ነበር። ካልፈላች ግን…» አልጨረሰውም። አሮጌ ጎማ ስቦ ጥላው ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣ እዚያው ጎማ ላይ ይቀመጥ ነበር። ማኅበሩ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ አግዶታል፤ ቤቱ መዋል አልቻለም።

የፈላ ሞተር ምልክት ይተዋል። ዘይቱ ከውሃ ተደባልቆ እንደ ወተት ይነጣል፣ ጎማ ቱቦዎቹ ያብጣሉ፣ ከሩቅ የሚታወቅ የቃጠሎ ሽታ አለው። ሰኞን ሙሉ ፈተሽኩ። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ንጹሕ የዘይት ጥቁር። ቱቦዎቹ አላበጡም። ማክሰኞ መኪናዋን አውጥቼ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ አስወጣኋት። መብራቷ መንገዱን ሙሉ ስትጮህብኝ ነበር። ወርጄ ሙቀቱን ስለካው ግን ልክ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ከሚኖረው ሙቀት አንድ ነጥብ አልበለጠም።

እንግዲህ አልፈላችም ማለት ነው። ግቢው ስመለስ ኃይለሚካኤል ከጎማው ተነስቶ ጠበቀኝ። ዓይኑን አይቼ «ገና ነው፣ አልጨረስኩም» አልኩት። እኔ ሰው ይከፋዋል ብዬ እውነት ደብቄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ደበቅኩ።

ረቡዕ መብራቷን ራሷን ያዝኩ። አሠራሯ ቀላል ነው። ነጩ የውሃ ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ቆመዋል። ውሃው ሁለቱን ከነካ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው በውሃው በኩል ይሻገራል፣ መብራቷም ትተኛለች። ውሃው ከዘንጎቹ በታች ከወረደ መሻገሪያ ስለሌለው ትበራለች። መጀመሪያ ሽቦውን ከዕቃው ነቅዬ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርሳቸው አገናኘኋቸው። መብራቷ ጠፋች። ሽቦው ደህና ነው። ዕቃውን ፈትቼ ሳየው ዘንጎቹ ዝገት ለብሰዋል። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፈተግኳቸው፣ ዕቃውን ከቧንቧ ውሃ ሞልቼ ሽቦውን ሰካሁ። መብራቷ ጠፋች።

ልቤ አረፈ። ዝገት ነው፤ የእርጅና ነገር፣ የማንም ጥፋት ያልሆነ። ኃይለሚካኤልን ልጠራው ዞር ስል ለሻይ ወጥቷል። ጥሩ፣ እስኪመለስ አጠናቅቄ እጠብቀዋለሁ ብዬ የቧንቧውን ውሃ ደፋሁትና ዕቃውን በደንቡ ቦታው አስሬ ከበርሜሌ ቀድቼ ሞላሁት።

መብራቷ በራች።

ስለ በርሜሉ መናገር አለብኝ። ከጋራዤ ቆርቆሮ ሥር የቆመ ትልቅ በርሜል አለኝ፣ የክረምትም የበጋም ዝናብ ይጠራቀምበታል፤ በእኛ አገር ደግሞ ዝናብ ጠፍቶ አያውቅም። ጅማ ሥራ ያስተማሩኝ ጌታዬ «ባትሪ የሚወደው የሰማይ ውሃ ነው፣ የመሬት ውሃ ይገድለዋል» ይሉኝ ነበር። ለባትሪ ትክክል ነው። እኔ ቦንጋ ስመጣ ሾፌሮች ከየወንዙ ጭቃ ቀድተው ራዲያተር ሲሞሉ አይቼ፣ የጌታዬን ቃል አሳድጌ ለራዲያተርም አደረግኩት። «የሰማይ ውሃ ጨምር፣ አንተ ደደብ» ብዬ ያልሰደብኩት ሾፌር በከተማው የለም። ኮርቼበታለሁም። ከቢታ ገነት ድረስ ጀሪካን ይዘው የሚመጡ አሉ።

ውሃውን ደፋሁ። ከቧንቧ ሞላሁ፣ ጠፋች። ደፍቼ ከበርሜሉ ሞላሁ፣ በራች። ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። ምሳዬ ጎደሬ ነበር፣ በወረቀት የጠቀለልኩት ጨው አብሮት አለ። አንዲት ቁንጥር አንስቼ የበርሜሉ ውሃ ውስጥ ጣልኩና በሽቦ አማሰልኩ። መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለችና ጠፋች።

ኤሌክትሪክ የሚሻገረው ውሃው በያዘው ነገር ላይ ተረማምዶ ነው። የመሬት ውሃ ከድንጋዩም ከአፈሩም ጨዋማ ነገር ይዞ ይመጣል። የሰማይ ውሃ ምንም አልያዘም። በጣም ከመጥራቱ የተነሳ ያረጁት ዘንጎች በመሀሉ ቆመው ውሃ መኖሩን አላወቁም። ከአንድ ወር በፊት የዚህችን አምቡላንስ የተቀደደ ቱቦ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከጀርመን አገር የመጣችበትን አረንጓዴ ፈሳሽ አፍስሼ «ይሄን መርዝ ተወው፣ ከዚህ በኋላ ከኔ በርሜል ነው» ብዬ የሞላሁላት እኔ ነኝ። ኃይለሚካኤልም ቃሌን አክብሮ በጎደለች ቁጥር ከበርሜሌ እየቀዳ ሞላት፣ የቀረው አረንጓዴም በየጊዜው እየሳሳ አለቀ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህን ተረት በሌላ ሰው ላይ ስንቴ ተርቼዋለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መደበቅ ነበር። ዘንጎቹ ዝገው ነበር ብል ውሸት አይደለም። ኃይለሚካኤል ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ማኅበሩ መኪናዬ አርጅታ ነው ይላል፣ በርሜሉን ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ። ማን ያውቃል? ይህን እያሰብኩ ሳለ ኃይለሚካኤል ከሻይ ተመለሰ። ፊቴን አየና እንደ ሁልጊዜው ጠየቀኝ።

«ፈልታ ነበር?»

ይህ ሰው እናቲቱ ስታቃስት እየሰማ አርባ ደቂቃ ዝናብ ውስጥ የቆመ ሰው ነው። በሕይወቱ ሙሉ ይህን ጥያቄ ይጠይቃል፤ እኔም በሕይወቴ ሙሉ እሰማዋለሁ።

«አልፈላችም» አልኩት። «ና ወዲህ።»

ጨው የገባበትን ውሃ ደፍቼ ዕቃውን አጠብኩ፣ በርሜሉን እያሳየሁት ሞላሁ። መብራቷ በራች። ጨውን ጣልኩ። ጠፋች። ሁሉንም ነገርኩት፤ የጌታዬን ነገር፣ ባትሪውን፣ ያፈሰስኩትን አረንጓዴ ፈሳሽ። ኃይለሚካኤል ዕቃውን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ።

«ጨው ነው የጎደላት?» አለ።

«ጨው ነው።»

«አርባ ደቂቃ ሙሉ?»

ይቆጣል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። ተመልሶ ጎማው ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ የሚያውቅ ሾፌር የለም።

«ለእኔ አይንገሩኝ» አለ ቀና ሳይል። «ለእነሱ ይንገሯቸው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሔርሜላ መጣች። ከሀዋሳ ተመድባ የመጣች የማኅበሩ ሠራተኛ ናት፤ ወጣት፣ ትሁት፣ የጫማዋ ጭቃ የሚያሳስባት። የቴክኒክ ሪፖርት የምትለውን ቅጽ ይዛለች። ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ «የአሽከርካሪ ስህተት»፣ ሌላው «የተሽከርካሪ ብልሽት»።

«የመካኒክ ስህተት የሚለው የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

«እሱ ፎርማቱ ላይ የለም ጋሽ ሣህሌ። ብልሽት የሚለው ላይ ቲክ ያድርጉት፣ ለሁሉም ይቀላል።»

ከሁለቱ ሳጥኖች በታች ባለው ባዶ ቦታ በእጄ ጻፍኩ። «አሽከርካሪው መብራቱን አምኖ ማቆሙ ትክክል ነው። ሞተሩ አልፈላም ነበር። መብራቱ ያለ አግባብ የበራው እኔ በሞላሁት ውሃ ምክንያት ነው። ሕፃኑ ሕይወቱ ያለፈው በዚህ መዘግየት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሔርሜላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ከኃይለሚካኤል ጋር በአውቶብስ ወደ ሺሺንዳ ሄድን። ዉሽዉሽን አልፈን ዳገቱ ጋ ስንደርስ በመስኮቱ ወደ አንድ ጠርዝ ተመለከተ፤ እዚህ ነው አላለኝም፣ አልጠየቅኩትም። ከገበያው ወርደን በእንሰት መሀል አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን።

ባልየው በእምነት ይባላል፣ መምህር ነው። እጃችንን ጨብጦ ወደ ቤት አስገባን። ሚስቱ አፀደ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ማንኛውም ቀን ነው የለበሰችው። ቤቱ የሐዘን ቤት አይመስልም። ለለቀስተኛ የተነጠፈ ምንጣፍ የለም፣ የተቀመጠ ጎረቤት የለም። ገና ስም ላልወጣለት ልጅ በእኛ አገር ለቅሶ አይቀመጡም። ቀብረውት ይመለሳሉ፣ እናቲቱን «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ይሏታል፣ በማግስቱ ሥራ ነው። እኔም ለጎረቤቶቼ ስንቴ እንዲሁ ብያለሁ።

ካፊኖኖ የማውቀው ለገበያ የሚሆን ያህል ስለሆነ በአማርኛ ተናገርኩ። ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አርባ ደቂቃው ነገርኳቸው። ኃይለሚካኤል ጥፋት እንደሌለበት ደጋግሜ አልኩ። «እኔ በሞኝነቴ ያመንኩትን ነገር ለሁሉም ሳስተምር ኖርኩ» አልኩ። «ሕፃኑን እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ሕፃኑ በእኔ ምክንያት ከሆነ የሞተው…»

በእምነት «ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ወሰደ» አለ። «እውነቱን ለመንገር ይህን ሁሉ መንገድ መጥተዋል። እኛ በማንም ላይ ቂም የለንም።» እንዲህ ያለ ምሕረት እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ደረቴ ግን ቀለል አለኝ፣ ለመነሳትም አሰብኩ።

«ሴት ናት» አለች አፀደ።

ከገባን የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ወደ እሷ ዞርን። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፣ ቃሉን እየመረጠች ነው የምታወጣው።

«ሁላችሁ ሕፃኑ፣ ሕፃኑ ትላላችሁ። ሆስፒታል ያሉትም ሕፃኑ አሉ። ከማኅበሩ የመጣችው ልጅም ሕፃኑ ብላ ጻፈች። ጎረቤቱም እንዲሁ። ወንድ ነው ሴት ናት ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሴት ናት። መኪናው ሲቆም በሆዴ ውስጥ ትገላበጥ ነበር። ስሟም አላት። ሩሀማ ብያታለሁ።»

በእምነት አንገቱን ደፋ። ስሙን እሱም ያን ጊዜ እንደሰማ ከፊቱ አወቅኩ። በሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ትዝ አለኝ፤ ሕይወቱ ያለፈው ብዬ፣ ስሜን ፈርሜበት፣ እውነት ጻፍኩ ብዬ ኮርቼ። ሰው የሚሞትበትን ስህተት ሠርቼ የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ይቅርታ ልለምን መምጣቴ ነው። በዕድሜዬ ብዙ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሰዓት ግን አፍሬ አላውቅም።

ተነስቼ ቆምኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ሩሀማን ያዘገየኋት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሩሀማ በሕይወት ሳለች መንገድ ላይ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አፀደ፣ ስለ ልጅሽ ስለ ሩሀማ ይቅር በይኝ።»

አፀደ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆየች። ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከቀብሩ ጀምሮ አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ በእምነት ነው ኋላ የነገረኝ። እሱም አለቀሰ። ኃይለሚካኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ፣ የሚከለክለን አልነበረም።

ድምፁ ወደ ውጭ ወጣ። ከጎረቤት አንዲት ሽማግሌ ሴት መጥተው በሩ ላይ ቆሙና ግራ ተጋብተው አዩን። ከኋላቸው ሌሎችም መጥተዋል።

«ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

«ሩሀማ» አላቸው በእምነት። «ልጃችን ሩሀማ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ከአፀደ አጠገብ ተቀመጡ።